መቶ አሥራ ስምንት ኪሎ

ባሕር ዳር፣ ኅዳር 4 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለልጃችን ለሒክማ፣

ከሁሉ አስቀድሞ የአላህ ሰላምና እዝነት አንቺ ባለሽበት ይስፈር፤ በሰው አገር ቆመሽ የምትውይበት ወጥ ቤት ድረስ ዱዓችን ይድረስሽ። እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ደህና ነን የምለው ግን ደብዳቤ እንዲህ ስለሚጀመር ነው እንጂ ደህና አልሰነበትንም።

ባለፈው በስልክ «አጎትሽን ትንሽ አሞት ነበር» ያልሁሽ ትንሽ አልነበረም። ኔቱ ከተዘጋ ወዲህ መስመሩ በየደቂቃው ይቆረጣል፤ እሱም አጠገቤ ቁጭ ብሎ ጆሮውን ጥሎ ይሰማል። ስለዚህ ጎረቤታችን ሰላህ ወደ ዶሃ ሲመለስ ይህን ወረቀት እንዲያደርስልኝ ለመንሁት።

ማክሰኞ ዕለት ሱቁ ውስጥ ለደንበኛ አቡጀዲ ሲለካ፣ ሜትሩን እንደያዘ ወለሉ ላይ ተዘረረ። መቶ አሥራ ስምንት ኪሎ ሰው ሲወድቅ ሰፈሩ ይሰማል። በረንዳችን ላይ የሚሰፋውን ገድሉን ታስታውሽው የለ? የስፌት መኪናውን ጥሎ ሮጠ። አራት ወንድ ሆነው ባጃጅ ውስጥ ማስገባት ቢያቅታቸው ጊዜ በእህል መኪና ጭነው ሐኪም ቤት ወሰዱት። ስኳርም ደም ግፊትም አለብህ አሉት፤ ኪኒን አዘዙለት። ዶክተሯ ትንሽ ልጅ ናት፣ ያንቺ እኩያ፤ ግን ሰው አትፈራም። «አባባ፣ በዚሁ ከቀጠሉ ሩቅ አይሄዱም። በዓመት ሃያ ኪሎ ይቀንሱ፤ በአንዴ አይደለም፣ ቀስ እያሉ፣ በወር ከሁለት ኪሎ ብዙም ሳይበልጥ» አለችው። አጎትሽ ለእሷ መልስ ሳይሰጥ ዞሮ እኔን አየኝ። ሠላሳ ዓመት ያበላሁት እኔ ነኛ!

የአባትሽን ነገር ታውቂዋለሽ፤ ያንን የመሰለ ሰው በዚሁ በስኳር ነው ያመለጠን። ወንድሙም ተከተለው ማለት ነው እያልሁ ሌሊት ትንፋሹን አዳምጣለሁ። አንቺ የሆስፒታል ምግብ ነው የምትሠሪው፤ ለስኳር ሰው ምን እንደሚቀርብ በደንብ ዘርዝረሽ ጻፊልኝ። ትንሽ የምግብ ሚዛን ብታገኚም ላኪልኝ። እሱ ከሄደ እኔ ምን ልሆን ነው?

ያሳደገችሽ መዲና

ዶሃ፣ ኅዳር 29 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለተከበሩት ለእትዬ መዲና፣

ጤናና ሰላም ከቤትዎ አይጥፋ፤ ጋሼንም አላህ በዕድሜ ያቆይልን። ደብዳቤዎን ዕቃ ማስቀመጫው ክፍል ቆሜ አነበብኩት፤ አለቃዬ ሽንኩርት ያስለቀሰኝ መስሎት አለፈኝ።

እኔ ነርስ አይደለሁም እትዬ፤ ሳህን የምደረድር ሰው ነኝ። ግን በቀን ሁለት መቶ የስኳር ሰው ሳህን በእጄ ያልፋል፤ ያየሁትን ልንገርዎት። ሳህኑን በዓይንዎ ለሁለት ይክፈሉት። ግማሹን ጎመንና ሰላጣ ይሙሉት። የቀረውን ደግሞ እንደገና ለሁለት ከፍለው፣ ባንዱ በኩል እንጀራ፣ በሌላው ምስር ወይ ዓሣ ያድርጉ። ዓሣውን አይጥበሱት፤ ይቀቅሉት። እንጀራው የጤፍ ብቻ ይሁን፣ የፎገራ ሩዝ አይግባበት፤ ሩዝ ስኳር ያስነሳል። ቅቤም ለጊዜው ይቅር። ጋሼን ጫታቸውን ይተዉ ብል እንደማይሰሙኝ አውቃለሁ፤ ከጫቱ ጋር የሚጠጡትን ለስላሳ ግን በሞቴ በሏቸው። ከሱቅ በፊት ሐይቁ ዳር ግማሽ ሰዓት ይራመዱ፤ ላብ ላብ እስኪላቸው እንጂ እስኪያለከልኩ አይደለም።

አንድ ነገር ግን እንዳይረሳ። ምግብ ዘልሎ መክሳት የለም። ኪኒኑንም በባዶ ሆዳቸው ውጠው እንዳይውሉ፤ ስኳር ሲወጣ ቀስ ብሎ ይጎዳል፣ ሲወርድ ግን በአንድ ጠዋት ነው የሚጥለው።

ልመጣ ፈቃድ ጠይቄ ነበር። ውልሽ ሁለት ዓመት ሳይሞላ አይሆንም አሉኝ። ሚዛኑን በሰው ልኬዋለሁ። ከእሱ ሌላ የምልከው ነገር ማጣቴ ይቆጨኛል።

ልጅዎ ሒክማ

ባሕር ዳር፣ ጥር 14 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለሒክማዬ፣

የአላህ ጥበቃ ከራስ ጠጉርሽ እስከ እግር ጥፍርሽ ይሁን። ሚዛንሽ ደርሷል፤ አንቺን ያየሁ ያህል ደስ ብሎኛል።

አጎትሽን ብታዪው ትስቂ ነበር። ተማሪ ሆኗል! እንጀራውን ቆርሶ ይመዝናል፣ ትንሽ ካለፈ ይቀንሳል። አቡጀዲ ሲቆርጥ እንኳ እንዲህ ተጠንቅቆ አያውቅም። ጎህ ሲቀድ ከገድሉ ጋር ሐይቁ ዳር ይሄዳል፤ በጊዜ ግቡ ከተባለ ወዲህ የማታው ስለቀረ የጠዋቱን አጥብቀው ይዘውታል። ገድሉ ጾም ሲይዝ ሁለቱም ጎመን ነው የሚበሉት፤ «አንተ በዓሉ ሲደርስ ትገላገላለህ፣ የእኔ ጾም ፋሲካ የለውም» ይለዋል። ለስላሳውን እርም ብሏል። ይኸው በሁለት ወር ከመቶ አሥራ ስምንት መቶ አሥራ ሁለት ገባ። ዶክተሯም «ጎበዝ» አለችው። ደረጃ ሲወጣ ማለክለኩ ቀርቷል።

እኔ ግን ሌላ ጣጣ ውስጥ ገብቻለሁ። ሱሪው ወገቡ ላይ አልይዝ አለ፤ ጉንጩ ገባ፤ አንገቱ ከኮሌታው ውስጥ ይዞራል። ባለፈው እሑድ ሰርግ ሄደን፣ ጎረቤታችን ባለሱቋ እናትዓለም በሴቶቹ መሐል «መዲና፣ ሰውየሽን ምን ነካብሽ? አንቺ እንዲህ አምሮብሽ እሱ እንዲህ መሆኑ?» አለችኝ። አንዷ ደግሞ ድምጿን ዝቅ አድርጋ «ለመሆኑ ተመርምሯል?» አትለኝም! መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድሁ። እኔ እኮ የይፋግ ልጅ ነኝ፤ «ከመዲና ቤት የበላ» እየተባለ ስሜ የሚጠራ። ሐኪም አዞት ነው ብል ማን ይሰማኛል? «ሐኪም ደግሞ አትብላ ይላል?» ብለው ይስቃሉ። ባሏን አስርባ ጨረሰችው እየተባልሁ ነው።

እዚያ አገር ፊትን ብቻ ሞላ የሚያደርግ ቫይታሚን አይጠፋም፤ እስቲ ጠይቂልኝ። ጉንጩ ብቻ መለስ ቢልልኝ ይበቃኛል። የምግቡን ነገር አታስቢ፤ እኔ አውቅበታለሁ።

ያሳደገችሽ መዲና

ዶሃ፣ የካቲት 6 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለእትዬ መዲና፣

ሰላምዎ ይብዛ፣ ደጅዎ በደስታ ይከፈት። ስድስት ኪሎ! ወላሂ እዚህ ለጓደኞቼ ሁሉ አወራሁ። ጋሼን ግንባራቸውን ሳሙልኝ።

ፊት ብቻ የሚያወፍር ቫይታሚን ግን የለም እትዬ። ቢኖር ኖሮ እኔም እገዛው ነበር፤ የእኔም ጉንጭ ገብቷል። የሴቶቹ ነገር እንደሚያቃጥል ይገባኛል፤ አፋቸውን የሚዘጋ ነገር ብልክልዎ ደስ ባለኝ። ግን አባቴ ሲሞት እነዚያው ሴቶች መጥተው አልቅሰው፣ በልተው፣ ሄዱ። ጋሼ ይኑሩልን እንጂ ሴቶቹ የፈለጉትን ያውሩ።

«እኔ አውቅበታለሁ» ያሉት አልገባኝም። ምኑን ነው የሚያውቁበት? ለእኔ የማይነገር ነገር ስለሌለ ይጻፉልኝ።

ልጅዎ ሒክማ

ባሕር ዳር፣ መጋቢት 3 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለሒክማ፣

ረመዷኑን የእዝነት ወር ያድርግልሽ። ዛሬ ሁለተኛው ቀን ነው። አጎትሽ በኪኒኑ ምክንያት አትጹም ተብሎ ከቤቱ ሰው ሁሉ እሱ ብቻ ይበላል፤ ይህም አሳፍሮት አንገቱን ደፍቷል።

ኪሎው መውረዱን ትቶ መቶ አሥራ አምስት ተመልሷል። ስኳሩም ወጥቷል። ዶክተሯ ሰው በተሰበሰበበት «አባባ፣ እየዋሹኝ ነው። ተደብቀው ይበላሉ» አለችው። እሱም «ልጄ፣ በአላህ ይሁንብኝ፣ ከተመዘነው ውጭ አንዲት ጉርሻ አልበላሁም» ብሎ ማለ። እሷ አላመነችውም፤ ኪኒኑን ጨመረችበት። እኔም አጠገቡ ነበርሁ። ምንም አላልሁም።

ምንም አትላኪ። ዱዓ ብቻ አድርጊልን።

መዲና

ዶሃ፣ መጋቢት 18 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለእትዬ መዲና፣

አላህ ጾምዎን ይቀበልዎ፣ ቤትዎን ከክፉ ይጠብቅ። ደብዳቤዎን ደጋግሜ አነበብኩት። ይህን ያህል አጥሮ የመጣ የእርስዎ ደብዳቤ የለም።

እትዬ፣ እኔ የማውቀው አንድ ነገር ቢኖር ሳህን ነው። በዚያ ምግብ፣ በዚያ እርምጃ፣ ሰው ሦስት ኪሎ አይጨምርም። ጋሼ ደግሞ አይዋሹም፤ እኔን አሥራ ሁለት ዓመት ሲያሳድጉኝ አንድ ቀን ዋሽተው አላየኋቸውም። እርስዎም ያውቁታል። ታዲያ ሳህኑ ላይ ያለው ምንድን ነው? ጥፋት ፍለጋ አይደለም። ኪኒኑ ስለተጨመረ ነው የፈራሁት። የሚበሉት ምን እንደሆነ ሳይታወቅ የተጨመረች ኪኒን ጤነኛ ሰው ትጥላለች። በአላህ ይዤዎታለሁ፣ ለእኔ ባይሆን ለዶክተሯ ይንገሯት።

ይህ ወረቀት መቼ እንደሚደርስዎ አላውቅም። ትናንት ስደውል «ሁሉ ደህና ነው» ብለው ስልኩን ለጋሼ ሰጡብኝ። እሳቸው ቆመው ሲሰሙ ምን ልጠይቅዎ?

ሒክማ

ባሕር ዳር፣ ሚያዝያ 18 ቀን 2016 ዓ.ም.

ሒክማዬ፣ አላህ ያኑርሽ። ዛሬ ሰላምታውን ማብዛት አልቻልሁም፤ ይቅር በይኝ።

ደብዳቤሽ የደረሰኝ አጎትሽ ከወደቀ በስምንተኛው ቀን ነው። ቀድሞ ቢደርስስ እናገር ነበር ወይ ብትይኝ፣ አልምልልሽም። በስልክ «ትንሽ ደክሞት ነው፣ ተሽሎታል» ያልሁሽ ግማሹን ነው።

አዎ፣ እጨምር ነበር። ከሰርጉ ማግስት ጀምሮ። ለጋ ቅቤ እያቀለጥሁ ሽሮው ውስጥ፣ አጃው ውስጥ፣ ጎመኑ ላይ ሳይቀር። ሳይነስ እንዳለበትና ሽታ እንደማይለይ ከእኔ በላይ ማን ያውቃል? እንጀራውንም የጤፍ ነው እያልሁ ግማሹን ሩዝ አደረግሁት፤ እሱ መዝኖ ሲበላ ቆሜ አየዋለሁ። ከወር በኋላ ጉንጩ መለስ አለ። እናትዓለም «አሁን ሰው መሰለ» አለችኝ። ወላሂ ደስ አለኝ ሒክማ! ቅቤ መርዝ ነው እንዴ? እናቴ ታማሚ ያነሣችው በቅቤ አይደለም ወይ? ትንሽ ነው፣ ትንሽ ነው እያልሁ ሁለት ወር ሄድሁ።

ዶክተሯ ዋሾ ካለችው ወዲህ እሱ ራሱን መጠርጠር ጀመረ። አንድ ቀን «መዲና፣ ሳላውቀው እበላ ይሆን?» ብሎ ጠየቀኝ። «እንጃ» አልሁት። «እንጃ» አልሁት! ከዚያ በኋላ ለካ ኪሎው እንዲወርድለት ብሎ፣ ኪኒኑን እየዋጠ ቁርሱን በፌስታል ይቋጥርና መስጊድ በር ላይ ለተቀመጡት ይሰጣል። መጋቢት 24 ቀን በባዶ ሆዱ ሐይቁ ዳር ሲሄድ ላብ አሰመጠው፣ አንደበቱ ተሳሰረ፣ ጉልበቱ ከዳው። ገድሉ በኮቱ ጨምድዶ ባይዘው ውኃው ውስጥ ነበር።

ሐኪም ቤት ስኳሩ ወርዷል ብለው ግሉኮስ ሰጡትና ዓይኑን ገለጠ። ዶክተሯ መጣች። «ምን እየበሉ ነው እንዲህ ወጣ ገባ የሚልብዎት?» ስትለው፣ እሱ በዚያ ድካሙ እጁን አንሥቶ ሊምልላት ሲል አልቻልሁም። «እኔ ነኝ» አልሁ። ቅቤውንም ሩዙንም ተናገርሁ። ዶክተሯ አፏን ያዘች። «ይቅርታ ያድርጉልኝ አባባ» አለችው። እሱ ጣሪያ ጣሪያውን ያያል።

ቤት እንደገባን ሾርባ አቀረብሁለት፤ ምንም ያልገባበት፣ ውኃ የመሰለ ሾርባ። ማንኪያውን ይዞ ቆየና መልሶ አስቀመጠው። «አልተቀየምሁሽም መዲና» አለኝ፣ «ግን አልበላም።» በማግስቱ ትንሽ ምድጃ ገዝቶ ሱቁ ጓሮ አስገባ። ሚዛንሽንም ወሰደው። ዕንቁላሉንም ጎመኑንም ራሱ ይቀቅላል፣ እንጀራውን ከገድሉ ሚስት ይገዛል። ማታ ይመጣል፣ ያጫውተኛል፣ የገበያውን ይነግረኛል። ማዕድ ሳቀርብ «በልቻለሁ» ይላል። ቢጮህብኝ ይሻለኝ ነበር፤ አይጮህም።

አንቺን ይወድሻል። ጻፊለት ወይ ደውይለት። ከእጇ ብላላት በይው።

መዲና

ዶሃ፣ ግንቦት 20 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለእትዬ መዲና፣

አላህ ልብዎን ያረጋጋልዎ። እውነቱን ልንገርዎት፤ ደብዳቤዎን አንብቤ ሁለት ቀን ሙሉ ተናደድኩብዎ። በሦስተኛው ቀን ልጅ ሳለሁ ወባ ይዞኝ በማንኪያ በማንኪያ እያበሉ ማዳንዎ ትዝ አለኝና አለቀስኩ። ምን ብዬ እንደምቆጣዎት አጣሁ፣ ምን ብዬ እንደማጽናናዎትም አጣሁ።

ለጋሼ ደወልኩላቸው። እርስዎ እንዳሉት ለመንኳቸው። «ልጄ፣ እሷ ክፉ እንዳልሆነች አውቃለሁ። ጉሮሮዬ ነው እምቢ ያለኝ፤ ልውጥ ስል ይቆማል» አሉኝ። ከዚያ ወደ ጤፍ ዋጋ ገቡ። እንደገና ላነሣው ስል መስመሩ ተቋረጠ። መልሼ ደወልኩ፤ አይሠራም።

የሰው ሆድ እንዴት እንደሚሞላ እንጂ የሰው ጉሮሮ እንዴት እንደሚከፈት አያስተምሩንም እትዬ። ቢሆንልኝ መጥቼ በመካከላችሁ እቀመጥ ነበር። ውሌ ገና አምስት ወር ይቀረዋል። እርስዎስ እየበሉ ነው? ይጻፉልኝ።

ልጅዎ ሒክማ

ባሕር ዳር፣ ሰኔ 13 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለሒክማዬ፣

የአረፋው በረከት አንቺም ዘንድ ይድረስ፤ ለከርሞው አንድ ላይ ያድርገን።

ደስ የሚለውን ላስቀድም። አጎትሽ መቶ አምስት ገብቷል። ዶክተሯ «እንዲህ ነው እንጂ!» ብላ በሁለት እጇ ጨበጠችው። ደም ግፊቱ ወርዷል፣ ስኳሩ ተስተካክሏል፣ ኪኒኑ ተቀንሶለታል። ከገድሉ ጋር አንድ ሰዓት ይራመዳሉ፤ አሁን የሚደክመው ገድሉ ነው። ድኗል ልጄ። ምን ብዬ ነበር የለመንሁት? ይድንልኝ ብዬ ነበር፤ አላህ ሰጠኝ። አልሐምዱሊላህ።

እኔ እበላለሁ። ብቻዬን መብላት ግን አልለመድሁም፤ ሳህኑን አቅርቤ ቁጭ እላለሁ።

የአረፋ ለት እንግዳ ቤቱን ሞላው፤ ከወረታ ዘመዶቹ መጡ፣ የገበያ ወዳጆቹም መጡ። እንደ ወጉ ሥጋው ሲቀርብ አንድ ሽማግሌ «እስቲ ለባለቤቱ መጀመሪያ ባለቤቲቱ ታጉርሰው፤ ያዳነችው እሷ አይደለች?» አሉ። ሰው ሁሉ ተቀበላቸው። ጮማ የሌለበትን ቀይ ሥጋ መረጥሁ፤ ከጨው በቀር ምንም አልነካውም፣ በዓይኑ አይቶታል። እሱ ቀና ብሎ አየኝ፤ አፉን ከፈተ፣ ጎረሰ። ያረቢ! ከሁለት ወር በላይ ቆይቶ ለመጀመሪያ ጊዜ። ሰዉ አጨበጨበ፣ እኔም እንባዬ መጣ።

ጥቂት ቆይቶ «እጄን ልታጠብ» ብሎ ወጣ። ላፈስስለት ውኃ ይዤ ተከተልሁት፤ ደስታዬ ነው ያስነሣኝ። ጓሮ ስደርስ ጎንበስ ብሎ ጉርሻውን እንዳለ መዳፉ ላይ አወጣው። አልተኘከም። ቀና ሲል አየኝ። አልደነገጠም፣ አልተቆጣም።

«ሰው ፊት እንዳላዋርድሽ ብዬ ነው» አለኝ።

ውኃውን አፈሰስሁለት። አፉን ተጉመጠመጠ፣ እጁን ታጠበና ገባ። እኔም ፊቴን ጠርጌ ገባሁ። እንግዶቹ ምግቡን አመስግነው «መዲና፣ እጅሽ ይባረክ» አሉኝ። «አሚን» አልሁ።

ያሳደገችሽ መዲና